በባክ ዘመን በጎንደር ምን ይዜም ነበር?

(በአንበሳሜ ከተማ ለተሰበሰበ ሕዝብ የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት ሲዘጋጅ በመጠኑ ተስተካክሏል።)

ከፊት የተቀመጡትን መሪጌቶች ሳይ ትንሽ ፈራሁ። በእነሱ ፊት ስለ ዜማ መናገር ለባለቤቱ የገዛ ቤቱን እንደማስጎብኘት ነው። ስለዚህ ስለ ዜማው ራሱ ብዙ አልልም፤ እሱን በመጨረሻ ከራሳቸው አፍ እንሰማዋለን።

የዛሬው ዓላማዬ እንዲህ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ የኖሩ፣ ከሞቱ በኋላ ፈጽመው የተረሱ፣ በእኛና በአያቶቻችን ዕድሜ ደግሞ እንደገና የተገኙ የሙዚቃ ደራሲዎች አሉ። እነሱ እንዴት እንደተረሱና እንዴት እንደተገኙ መጀመሪያ እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ የተገኘው ወረቀት ብቻውን ለምን እንዳልበቃ አሳያለሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ጋይንት፣ ወደ እስቴ፣ ወደ ፎገራና ወደ ደብረ ታቦር እመልስና በዚያው ዘመን እዚህ ያዜሙ የነበሩትን ሰዎች የት ብንፈልግ እናገኛቸዋለን የሚለውን እጠይቃለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ሁለቱን አገር ጎን ለጎን ለማየት ያመቸኛል።

ዘመኑን እንወቀው። አውሮፓውያን የሙዚቃ ታሪካቸውን ሲከፋፍሉ ከ1600 እስከ 1750 ያለውን ጊዜ ባሮክ ይሉታል፤ ከ1680ዎቹ ወዲህ ያለው ኋለኛው ባሮክ ይባላል። ጀርመናዊው ዮሐን ሰባስቲያን ባክ፣ ለንደን የኖረው ሐንደልና የቬኒሱ ቄስ ቪቫልዲ የዚህ ዘመን ሰዎች ናቸው። ባክና ሐንደል ሁለቱም በ1685 ሲወለዱ ጎንደር ላይ ዙፋኑን የያዙት አድያም ሰገድ ኢያሱ ነበሩ። ባክ ሲሞት፣ በ1750 ማለት ነው፣ የነገሡት ዳግማዊ ኢያሱ፣ ቤተ መንግሥቱን የያዙት ደግሞ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ነበሩ። ኋለኛው ባሮክ የሚባለው ጊዜ ከጎንደር ዘመን እኩሌታ ጋር በግምት ይገጥማል።

በመካከል አንድ ንጉሥ አለ፤ ለዛሬው ነገራችን የተፈጠረ የሚመስል። የአድያም ሰገድ ልጅ ሣልሳዊ ዳዊት ከ1716 እስከ 1721 ነገሡ፤ ታሪክ የሚያውቃቸው «ዘማሪው» በሚል ቅጽል ነው። ፋሲል ግቢ የገባችሁ ዳዊት ያሠሩትን የዜማ አዳራሽ አይታችኋል፤ መንፈሳዊውም ዓለማዊውም ዝግጅት ይደረግበት እንደነበር ይነገራል። በ1721 በመጋቢት ወር፣ ኬተን በምትባል የጀርመን ከተማ የአንድ መስፍን ሙዚቀኛ የነበረው ባክ፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸውን ስድስት ኮንሰርቶዎች በእጁ ገልብጦ ለብራንደንቡርክ መስፍን ላከ። በዚያው ዓመት በግንቦት ዳዊት ጎንደር ላይ ዐረፉ። ባክ ወረቀቱን ሲልክ በዳዊት አዳራሽ ምን ይዜም እንደነበር ብንጠየቅ፣ ጠያቂው አውሮፓዊ ጽሑፍ አውጡና አሳዩን ይለናል። የእኛ መልስ ግን በአብዛኛው ያለው ጽሑፍ ላይ አይደለም፤ የት እንዳለ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሁለቱ ዓለም አንድ ጊዜ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኝተዋል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ሰንብቶ ተመለሰ። አገሩ ሲገባ ስለ ኢትዮጵያ የሙዚቃ መሣሪያዎች ለቻርልስ በርኒ ደብዳቤ ጻፈለት፤ በርኒም በ1776 የአጠቃላይ የሙዚቃ ታሪኩን የመጀመሪያ ቅጽ ሲያወጣ አሳተመው። ይህ በርኒ የሐንደልንና የዘመነኞቹን ታሪክ ከጻፉት ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ናፖሊዮን ግብፅ ሲዘምት አብሮ የሄደው ቪዮቶ ካይሮ ውስጥ ካገኛቸው የኢትዮጵያ ካህናት ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ሰምቶ በአውሮፓ ኖታ ለመጻፍ ሞከረ። ከሩቅ አገር የመጣው ሰው እንኳ ሦስት የዜማ ዓይነት እንዳለን ገባው ማለት ነው። ሰሚ አላጣንም። የሰማውን ማን እንዳቀናው፣ ከማን ቤት እንደወጣ የጠየቀ ነው የጠፋው።

አሁን ወደ ተረሱት ልለፍ። ብዙ ስም አልደረድርም፤ ሦስት አራት ሰው ይበቃኛል።

ክሪስቶፍ ግራውፕነር የሚባል ሰው ነበር፤ ከባክ በሁለት ዓመት ይበልጣል። በ1722 የላይፕሲክ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ኃላፊ ሞተና ቦታው ክፍት ሆነ። የከተማው ሹማምንት መጀመሪያ የፈለጉት ቴሌማንን ነበር፤ እሱ ደመወዙ ተጨምሮለት በነበረበት ቀረ። ቀጥለው ግራውፕነርን መረጡ። የዳርምሽታት ገዥ ግን ሙዚቀኛዬን አለቅም አለ፤ እሱም ደመወዝ ጨመረ። ግራውፕነር ላይፕሲኮችን ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ሰው ጠቆማቸው። የጠቆመው ሰው ባክ ነው። በ1723 ባክ ላይፕሲክ የገባው የሚሻሉት ሁለት ሰዎች ስላልተገኙ ነበር፤ የሚሻሉ የተባሉት በዚያን ጊዜ ሰው ግምት ነው እንጂ በእኔ አይደለም። እንግዲህ ግራውፕነር ዳርምሽታት ተቀምጦ ከ1,400 በላይ ካንታታ ጻፈ። ካንታታ በየእሑዱና በየበዓሉ ከዕለቱ ምንባብ ጋር ተስማምቶ በቤተ ክርስቲያን የሚዜም ድርሰት ነው፤ የዓመቱን በዓል እየተከተለ የሚሄድ በመሆኑ የድጓን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሰውየው በእርጅናው ዓይኑ ጠፋ፤ በ1760 ሞተ፤ ተረሳም።

ወረቀቱ የተረፈው በክስ ነው። ልጆቹ የአባታችን ሀብት ነውና እንሸጠዋለን አሉ፤ ቤተ መንግሥቱ ደግሞ በደመወዜ የተጻፈ የእኔ ነው አለ። ክርክሩ ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ በመጨረሻ ቤተ መንግሥቱ ረታ። ያ ሁሉ ወረቀት ሳይበተን በአንድ ቦታ ቀረ፤ ዛሬም ዳርምሽታት አለ። የባክ ወረቀት ግን ወራሾቹ ተካፈሉት፤ ከፊሉ ተሸጠ፤ ከፊሉ ጠፋ። ስለዚህ ባክ ጽፎት እኛ ያላየነው ብዙ ሥራ አለው፤ የተረሳው ግራውፕነር ግን ሥራው ሞልቶ ተቀመጠ፤ የጎደለው የሚያነበው ሰው ብቻ ነበር። ባክም ቢሆን እንደዛሬው ስሙ የገነነው በ1829 ወጣቱ ሜንደልስዞን የማቴዎስን የሕማማት ድርሰት በርሊን ላይ ካሰማ ወዲህ ነው።

ሁለተኛው ያን ዲስማስ ዜሌንካ ነው። ቦሔሚያ ውስጥ ተወልዶ ድሬስደን ቤተ መንግሥት ትልቁን ባስ ይመታ ነበር። አለቃው በ1729 ሲሞት ሹመቱን ይጠብቅ ነበር፤ ለሌላ ተሰጠ። ባክ ራሱ ያከብረው እንደነበር ይታወቃል። ዜሌንካ በ1745 ከሞተ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ድርሰቶቹን ቆልፎ ያዛቸው፤ ማንም እንዲገለብጣቸው አልተፈለገም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የአገሩ ልጅ ስሜታና ጥቂቱን ገለበጠ። ከዚያ ደግሞ ሌላ መቶ ዓመት ግድም ዝም ተባለ። በ1970ዎቹ በአብዛኛው ለሁለት ኦቦና ለባሱን፣ ማለት ለሁለት ቀጭንና ለአንድ ወፍራም የእንጨት መንፊያ የጻፋቸው ስድስት ሶናታዎች ተቀርፀው ሲወጡ፣ ሰሚው ሁሉ ይህ ሰው እስከ ዛሬ የት ነበር አለ። ከእናንተ መስማት የሚፈልግ ካለ ከእነዚህ ይጀምር። ባሱኑ አጃቢ መስሎ ይነሣና ብዙም ሳይቆይ ከሁለቱ ኦቦዎች ጋር እኩል ሲከራከር ትሰሙታላችሁ። አንዱ የጀመረውን ሐረግ ሌላው ሳይጨርሰው ይቀበለዋል፤ ሦስተኛው ገልብጦ ይመልስለታል። የግራና የቀኝ ማኅሌት መቀባበል ለለመደ ጆሮ ይህ ሙዚቃ ከባድ አይደለም፤ እንዲያውም ከብዙ አውሮፓዊ ጆሮ ይልቅ የእኛ ሳይቀርበው አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ሦስተኛው ሆን ብሎ የተሰወረ ነው። በ1740 በሄግ ከተማ ሪቾቲ የሚባል ቫዮሊን ተጫዋች ስድስት የተዋቡ ኮንሰርቶዎች አሳተመ፤ የደራሲ ስም አልነበረባቸውም። ሰዎች አንድ ጊዜ የሪቾቲ ናቸው፣ ሌላ ጊዜ የጣሊያናዊው ፔርጎሌዚ ናቸው ሲሉ ኖሩ። ስትራቪንስኪም በ1920 ፑልቺኔላ የተባለውን ሥራውን ሲያዘጋጅ ከእነዚህ ኮንሰርቶዎች የወሰደው ዜማ አለ፤ ከፔርጎሌዚ የወሰደ መስሎት። ወደ 1980 ገደማ ግን ዱኒንግ የተባለ ምሁር ኔዘርላንድ ውስጥ በአንድ ቤተ መንግሥት ዋናውን ጽሑፍ አገኘ። የደራሲው የእጅ ማስታወሻም አብሮ ነበር። ደራሲው ፋን ቫሰናር የተባለ የመኳንንት ወገን ነው፤ ስሙ በመጽሐፍ ላይ እንዲወጣ አልፈለገም፤ በማስታወሻውም ከስድስቱ አንዳንዱን ደህና፣ አንዳንዱን እንደነገሩ፣ ሌላውን ጭራሽ የማይረባ እያለ ነቅፏል። እንግዲህ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ዓለም የማያውቀውን ሰው ሲያመሰግን ኖረ፤ ሰውየው ግን ሥራውን አልወደደውም።

ይህን ታሪክ የምወደው ለአንድ ምክንያት ነው። አውሮፓዊ ሁሉ ስሙን በሥራው ላይ ይጽፋል፣ የእኛ አባቶች ብቻ ናቸው በትሕትና ስማቸውን የሚሰውሩ የሚል ነገር በየስብሰባው እሰማለሁ። እንደዚያ አይደለም። የሚለያየን ሌላ ነው፦ እነሱ ጋ ስም የሌለው ሥራ ሲገኝ ባለቤቱ እስኪታወቅ እንቅልፍ የለም። ችኮላው ስሕተትም ያመጣል። «የአልቢኖኒ አዳጆ» የሚባለውንና በየፊልሙ የሚሰማውን ዜማ ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? አልቢኖኒ የባሮክ ሰው ነው፤ ያንን ዜማ ግን በ1958 ያሳተመው ጃዞቶ የተባለ የኋላ ዘመን ጣሊያናዊ ነው፤ ደራሲውም እሱ ራሱ እንደሆነ ነው የሚታመነው። ብዙ ሰው አልቢኖኒን የሚያውቀው እሱ ባልጻፈው ዜማ ነው።

አራተኛው ወደ እኛ ይበልጥ ይቀርባል። ዶሜኒኮ ዚፖሊ ሮም ውስጥ ታዋቂ የኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ሳለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ገብቶ በ1717 ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻገረ፤ ዛሬ አርጀንቲና በምትባለው አገር በኮርዶባ ሲማር በ1726 ገና በወጣትነቱ ሞተ። በ1767 ኢየሱሳውያን ከዚያ አገር ተባረሩ። በ1970ዎቹ ቦሊቪያ ውስጥ የቺኪቶስ የድሮ አብያተ ክርስቲያናት ሲጠገኑ ግን የእሱና የሌሎች ሙዚቃ ያለባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች ተገኙ። ያቆዩአቸው የአገሬው ተወላጅ ገበሬዎች ናቸው። ካህናቱ ከሄዱ በኋላም ወረቀቱ ሲያረጅ በሌላ ወረቀት እየገለበጡ፣ በበዓላቸውም እየተጫወቱ ቆዩ። የሮም ሰው የረሳውን ሙዚቃ የገጠር ሰው አቆየው። ኢየሱሳውያን እዚህም ጣና ዳር ኖረው በፋሲል ዘመን መባረራቸውን ታስታውሳላችሁ፤ እኛ ግን ከእነሱ ሙዚቃ ያቆየነው የለም፤ የራሳችን ነበረና።

የመጀመሪያ ነገሬን እዚህ ላይ ልቋጭና ወደ ሁለተኛው ልግባ፦ ወረቀት ተገኘ ማለት ሙዚቃ ተገኘ ማለት ነው ወይ?

አይደለም። የባሮክ ሙዚቃ ወረቀት ብዙ ነገር አይናገርም። ከታች ወፍራሙ የባስ ድምፅ ይጻፋል፤ ከሥሩ ቁጥሮች አሉ። በገናውን የሚመስለው የቁልፍ መሣሪያ ላይ የተቀመጠው ሰው 6 ቁጥር ሲያይ ከባሱ ላይ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ድምፅ መጨመር እንዳለበት ያውቃል፤ ቁጥር ከሌለ ሦስተኛውንና አምስተኛውን። ሲያበዛ፣ ሲያሳንስ፣ ሲበትን፣ ሲያስጌጥ ግን ማንም አልጻፈለትም። ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ የተማረው ነው። ዜማውን የሚይዘው ዘፋኝም እንዲሁ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው አጥንቱ ነው፤ ሥጋውን የሚያለብሰው እሱ ነው። ከ1750 በኋላ የሰው ስሜት ተለወጠ፣ ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ወረቀቱ ቀረ፣ መምህሩ ሞተ። ስለዚህ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያንን ሙዚቃ ሊያነሡ የተነሡ ሰዎች ክቫንትስ በ1752፣ የባክ ልጅ ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤል በ1753 የጻፏቸውን የትምህርት መጻሕፍት እያገላበጡ፣ ከመቃብር ውስጥ ሆኖ የሚያስተምር መምህር ሲፈልጉ ኖሩ። ዛሬም ድረስ ይከራከራሉ፤ ጌጡ ከላይኛው ድምፅ ይጀምራል፣ አይጀምርም፤ ይህ ይፈጥናል፣ ያ ይዘገያል። የሚዳኛቸው የለም።

ይህን ስነግራችሁ ከፊት ያሉት አባቶች ፈገግ ማለታቸውን አያለሁ። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ምልክታችን እንዲሁ ነውና። ለማያውቁት ወጣቶች ላስረዳ። የድጓ ብራና ስትከፍቱ ከቃሉ በላይ በቀጭን ብዕር የተጻፉ ሁለት ዓይነት ነገሮች ታያላችሁ። አንደኛው ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ናቸው፤ ድርስና አንብር ይጨመሩባቸዋል። ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚቆረጥ፣ የት ወደ ደረት እንደሚወርድ፣ የት እየተንቀጠቀጠ እንደሚሄድ ያመለክታሉ። ሁለተኛው ጥቃቅን ፊደሎች ናቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፊደል። እነዚህ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ከያዘው ከሌላ ዜማ ተቆርጠው የመጡ ናቸው፤ «ያንን እዚያ ያወቅኸውን እዚህ በለው» ይላሉ። ያንን የማያውቅ ሰው ፊደሉን ቢያነበው ምን ይጠቅመዋል? ምልክቱ ያወቀውን ያስታውሳል እንጂ ያላወቀውን አያስተምርም። ስለዚህ የባሱ ቁጥርና የድጓው ምልክት የአንድ አሳብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከጎናቸው መምህር አለ ብለው የተጻፉ ናቸው።

የሚለየን አንድ ነገር ነው፤ ይህንንም ደጋግሜ እለዋለሁ። ግራውፕነርን ያገኙት ሰዎች ወረቀት አላቸው፣ መምህር የላቸውም። እኛ መምህሩ አለን፤ ከየኔታ ወደ ተማሪ፣ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሳይቋረጥ የመጣ። ሐውልትና ግንብ ስንቆጥር እንውላለን፤ ይህን ግን ሀብት ብሎ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው።

ወደ ሦስተኛውና ወደ ዋናው ጥያቄዬ መጣሁ። የእኛ ግራውፕነርና ዜሌንካ የታሉ?

አባቶች ሁሉም የቅዱስ ያሬድ ነው ይሉናል። እኔ ይህን ለመከራከር አልመጣሁም። ነገር ግን እነሱው ራሳቸው የሚነግሩን ሌላም ነገር አለ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ከግራኝ ጦርነት በኋላ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት በተድባበ ማርያም ምልክቱን ሠሩ ይላሉ። ብራናውም ይህን ይደግፋል፤ ምልክቱ የሚታየው ከዚያ ዘመን ወዲህ በተጻፉ መጻሕፍት ነው። ኬይ ሽሌመይና ፒተር ጄፍሪ የተባሉ የአሜሪካ ምሁራን ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ባሳተሙት ሥራቸው የጥንቱን ብራና ዛሬ ከሚዜመው ጋር እያስተያዩ ይህንኑ በሰፊው መርምረዋል። ስለዚህ ትውፊታችን ራሱ ያሬድ ሰጠ፣ ኋለኞቹ ደግሞ አቀኑ፣ አደራጁ፣ ጨመሩ ብሎ ያምናል። ጌራንና ራጉኤልን በስም ካከበረ፣ ከእነሱ በኋላ የመጡትን መጠየቅ ድፍረት አይሆንም።

ከእነሱ በኋላ የመጡት ግን በሰው ስም አይጠሩም፤ በቤት ስም ነው የሚጠሩት። ድጓ የተማረን ሰው የየት ነህ ብትሉት ቤተልሔም ይላችኋል፤ ወይም ቆማ፤ ወይም አጫብር። ዝማሬና መዋሥዕት ያለው ዙር አምባን ይጠራል። ቅዳሴውም የሰለልኩላና የደብረ ዓባይ ተብሎ ይለያል፤ አቋቋሙም፣ ማለት በመቋሚያና በከበሮ የሚዜመው፣ ላይ ቤት፣ ታች ቤት፣ ተክሌ እየተባለ። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ የእኛው ጎረቤት እንደሆነ አስተውላችኋል? ቤተልሔምና ዙር አምባ ጋይንት ናቸው። ቆማ ፋሲለደስን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስቴ ላይ የተከሉት የዐፄ ሱስንዮስ ባለቤት እቴጌ ወልድ ሠዓላ ናቸው። አገሩ ሁሉ ድጓ አስመስክሮ ለመመለስ ወደ ቤተልሔም የሚጎርፈው በግራኝ ጦርነት ጊዜ ድጓው እዚያ ተርፏል ስለሚባል ነው። በ1950ዎቹ ፓከንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ተጓዥ ቤተልሔም ደርሶ ከክቡ የሣር ቤት ሥር ተከልሎ የቆየውን የመካከለኛ ዘመን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አገኘሁ ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። የጋይንት ሰው መቼ ጠፋው! ደግሞ እኮ ድንጋዩን አየ እንጂ ዜማውን አልሰማም፤ ዜማው ነበር የሚበልጠው።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ቤተልሔምና ቆማ አንዱን ቃል፣ አንዱን ምልክት ይዘው፣ አንድ ቦታ ላይ ሲለያዩ፣ ያ ልዩነት ከሰማይ የወረደ አይመስለኝም። አንድ ቀን አንድ መምህር እዚያ ቦታ ላይ ዜማውን አቀናው፤ ተማሪዎቹ ወደዱት፤ ቤቱ ያዘው። የዚያ መምህር ስም የት ተጻፈ ብትሉኝ እዚያው ልዩነቱ ላይ ነው እላችኋለሁ። አውሮፓዊው ደራሲ ወረቀት ላይ ፊርማውን አኖረ፤ የእኛው በሌላው ቤት በማይገኝ አንድ ዙር ላይ አኖረው። ሊቃውንቱ የሌላውን ቤት ዜማ ሲሰሙ ወዲያው የሚለዩት፣ አንዳንዴም የሚቀልዱበት፣ ፊርማው ስለሚነበብላቸው ነው። በዳዊት አዳራሽ ምን ይዜም ነበር ላልነው ጥያቄም መልሱ የሚፈለገው በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ነው፤ ሁለት ቤቶች የሚስማሙበት ከመለያየታቸው በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል፣ የሚለያዩበት ከዚያ ወዲህ የተጨመረ።

አሳቤ ባዶ ግምት አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ሰው አለን፤ እሱም ከዚሁ ከአጠገባችን ነው። አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ የለም። ፎገራ ናበጋ ተወለዱ፤ ጎንደር አስተማሩ፤ ቀልዳቸው ከቤተ መንግሥት እስከ ጠላ ቤት ደረሰ። ያ ቀልድ ነው ታዲያ ሌላውን ሥራቸውን የሸፈነባቸው። አለቃ አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ። ከዘመዶቻቸው የተወረሰው ትረካ እንደሚለው፣ አሳቡን ያገኙት የጣና ማዕበል ሲመላለስና በዳሩ ያለው ሸምበቆ በከሰዓት ነፋስ ሲወዛወዝ አይተው ነው። መቋሚያው፣ ትከሻው፣ እግሩ እንደዚያ እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም፤ ከአባቶቻችን ያላየነው ነው አሉ። ልጃቸው ተክሌ ግን ስልቱን ይዞ ደብረ ታቦር መጣ፤ እዚያ ተወደደ፤ ከዚያም ተስፋፋ። ዛሬ «ተክሌ» ስንል አቋቋሙን እንጂ ሰውየውን አናስብም። ሰው ወደ ቤት ስም ሲለወጥ በዓይናችን ያየነው ይህን አንዱን ነው፤ ጊዜው ቅርብ፣ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለሆነ ብቻ። ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ አለቃም ልጃቸውም ተረስተው፣ ስልቱ ብቻ ከጥንት እንደነበር ይቆጠር ነበር። ከቆማና ከአጫብር በስተጀርባ እንዲህ ያሉ ስንት ገብረ ሐናዎች እንዳሉ አስቡ። የባክ ዘመነኞቻችን እነሱ ናቸው።

አለቃ ገብረ ሐናን በቀልዳቸው ብቻ የሚያነሣ መጽሐፍ ሳይ እንደምናደድ መደበቅ አልችልም። ይህ ሁሉ ቀልድ ሲሰበሰብ፣ ከአቋቋሙ ክፍሎች ዝማሜው ከመረግዱ እንዴት እንደሚገናኝ፣ ከጽፋቱ ወደ ወረቡ ሲገባ ከበሮው ምን እንደሚለወጥ፣ በተክሌ ስልት ያደጉ ሽማግሌ መሪጌቶችን ቁጭ አድርጎ የጠየቀ ቢገኝ ምን ነበረበት?

በመጨረሻ ምን እናድርግ ለሚል ሰው አጭር መልስ አለኝ። ብራናው ላይ የተሠራ ሥራ አለ። ከ1973 ጀምሮ በተካሄደው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጋ መጽሐፍ ተነሥቷል፤ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን በዝርዝሩ ላይ አሳልፈዋል። ድምፁ ነው የቀረው። ዛሬ እያንዳንዱ ወጣት በኪሱ መቅረጫ ይዟል። መሪጌታውን አስፈቅዶ፣ ከበዓሉ ግርግር ውጭ፣ አንዱን የድጓ ክፍል ከቤተልሔም ካስመሰከረ ሰው፣ ያንኑ ደግሞ ከቆማና ከአጫብር ከወጣ ሰው መቅረጽ ነው። ከመቅረጹ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ የኔታ፣ ይህን ከማን ተቀበሉ? እሳቸው መምህራቸውን ይጠራሉ፤ የመምህራቸውን መምህር ይጠራሉ፤ አንዳንዱ አራትና አምስት ትውልድ ወደ ላይ ይወጣል። ያ ስም ዝርዝር ድምፁ ላይ አብሮ ይቀረጽ። ዜማውን ብቻ ቀርጾ የባለቤቱን ስም የሚተው ሰው፣ የኮንሰርቶዎቹን ወረቀት ይዞ ደራሲውን ሲገምት እንደኖረው የአውሮፓ ሰው ይሆናል።

ይህን ስል አባቶች የሚያነሡት ሥጋት እንዳለ አውቃለሁ፤ ዜማ ጸሎት ነውና በየስልኩ ይንከራተታል ወይ ይላሉ። ሥጋቱ ትክክል ነው። ስለዚህ የሚቀረጸው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሰማው የሚወስነው ደብሩና መምህሩ ይሁን፤ ይህ ካልተስማማ መቅረጹ ይቅር። የዳርምሽታቱ ወረቀት የተረፈው ባለቤቱ ማን እንደሆነ በፍርድ ስለተለየ መሆኑን አትርሱ።

የእኔ ድርሻ እዚህ ያበቃል። በፕሮግራሙ እንደተጻፈው ከፊት ያሉት ሁለት መሪጌቶች አንዱን የደብረ ታቦር በዓል ዜማ መጀመሪያ በቤተልሔም፣ ቀጥሎ በአጫብር ያሰሙናል። ቃሉ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ልብ በሉ፤ መለያየት የሚጀምሩት እዚያ ነው ብለውኛል። ጥያቄ ያለው ከእነሱ በኋላ ይጠይቅ፤ የዜማውን ለእነሱ፣ የአውሮፓውን ለእኔ። መድረኩን ለቅቄላቸዋለሁ።